በስዩም ምድር ቤት የነበረው ኮኛክ

ባለፈው ሳምንት የልጄን የናሆምን የሰርግ ጥሪ ካርድ ይዤ እዚሁ ሲያትል ኦቴሎ ሰፈር ወርጄ ነበር። ናሆም «ዳዲ፣ ኦንላይን ሴንድ እናደርገዋለን እኮ፣ ለምን ትደክማለህ?» ብሎኝ ነበር። እኔ ግን የሰው በር ሳላንኳኳ ሰርግ መጥራት አይሆንልኝም፤ በስልክ የተጠራ ሰው በስልክ የሚመርቅ ይመስለኛል። ወይዘሮ ሙሉ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ በርበሬና ሽሮ የሚሸጡበትን ሱቅ እየዘጉ ደረስኩ። ኪራዩ አልቻል ብሏቸው አጠገባችን ሬንተን ከተማ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ ነው። ካርቶን በካርቶን ላይ ተደርቦ መቀመጫ ስለጠፋ ቆሜ ካርዱን ሰጠኋቸው፣ ቆመው መረቁልኝ። ልወጣ ስል «ቆዩማ ጋሽ ጌታሁን፣ እርስዎን ነው እግዜር የላከልኝ» አሉና ከጓዳ አንድ ጠርሙስ ይዘው መጡ። ምንም ወረቀት ያልተለጠፈበት፣ ቡሹ በሰም የታተመ ጠርሙስ ነው።

«ይኼ የሟቹ ባለቤቴ ነው» አሉኝ። «ሐኪም ከልክሎት ሳይቀምሰው አለፈ። እኔ መጠጥ አላውቅ፣ መድፋቱ ደግሞ ነውር ሆኖብኝ ከቤት ቤት ሳዞረው ኖርኩ። እርስዎ የመጠጥ ሰው ነበሩ፣ ለሰርጉ ይሁንዎት።»

ድሮ የመጠጥ ሰው ሲሉኝ ይከፋኝ ነበር፣ ጠጪ ያሰኛልና። አሁን ግን እንደዚያ ብሎ የሚጠራኝ የለም። ሰው የሚያውቀኝ ከሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ወደ ሆቴል በማመላልስባት ሚኒባስ ነው፤ እሷንም ከተውኳት ሰነበትኩ። ስለዚህ ደስ አለኝ፣ እዚያው ልቅመሰው ብዬ ሰሙን ላጥኩት። ቡሹ በእጄ ላይ ተፈረፈረ። በሻይ ብርጭቆ ጠብ አድርጌ እንደ ድሮ ልማዴ በመጀመሪያ ከደረቴ አጠገብ ያዝኩት። ወደ አገጬ ሳላነሳው ሽታው መጣ። ዋልነት፣ የደረቀ ፕሪም፣ እንጉዳይ የበቀለበት እርጥብ አፈር፣ ከሁሉ በኋላ ደግሞ ቀጭን የአፕሪኮት ጠረን። ከዓለም መጠጥ ሁሉ ይህን አንዱን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ፤ የናሆም ኮኛክ ነው። ጠርሙስ ውስጥ ግን ምን ያደርጋል? ይህ ኮኛክ በአበልጄ በስዩም ምድር ቤት፣ በእንጨት በርሜል ውስጥ ሆኖ የልጄን ሰርግ መጠበቅ ነበረበት።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልጀምር። ያን ጊዜ ሲያትል ያለነው ሐበሾች አንድ የፋሲካ በግ የሚያጠግበን ነበርን። መሀል ከተማ ውስጥ አውቶቡስ በነጻ ነበር፤ ገንዘብ የሚጠየቀው ከዚያ ሲወጡ ነው፣ እሱም ሳንቲም ነው። ከገበያው በላይ ባለው ጥግ አንድ ሽማግሌ ዶናት እየጠበሰ በወረቀት ከረጢት ይሸጥ ነበር፤ ከረጢቱ ቅባቱን ጠጥቶ መስታወት እስኪመስል ድረስ ይዘነው በዝናቡ ውስጥ እንሄዳለን። ጃንጥላ የሚይዝ የለም፤ ጃንጥላ መያዝ እንግድነት ነበር። ኮቴን ከአሮጌ ልብስ መሸጫ በአምስት ዶላር ገዝቼ፣ አንዲት ቻይናዊት እጅጌውን ስታሳጥርልኝ ከኮቱ የበለጠ አስከፈለችኝ። ከአገር ቤት በሰው እጅ የመጣ ካሴት ካለ ሪባኑ እስኪሳሳ እንሰማዋለን፤ ዘፋኟ መጨረሻ ላይ ከውሃ ሥር የምትዘፍን ትመስል ነበር። ዛሬ ናሆም ያንኑ ዘፈን በስልኩ በአንድ ጣት ያመጣዋል፣ ድምፁም ጥርት ያለ ነው። እኔ ግን የማውቀው ያንን ከውሃ ሥር የሚመጣውን ነው።

ስዩምና እኔ የተዋወቅነው መሀል ከተማ በሚገኝ አንድ ትልቅ አሮጌ ሆቴል ነው። እሱ ባር ላይ ነበር፤ መልከ መልካም፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ፈረንጁን ሁሉ ቀልዱ የሚያሸንፍ። እኔ ሳህን አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ የመጠጡን ምድር ቤት የሚጠብቀው ፈረንሳዊ ወገቡን ስላመመው ካርቶን እንድሸከምለት ወሰደኝና እዚያው ቀረሁ። ስሙ ሬኔ ነው፤ እኛ በአገራችን ደንብ ሙሴ ሬኔ እንለው ነበር። ኮኛክ ከሚሠራበት ክፍለ አገር የመጣ፣ ቁጡ፣ ሽቶ የቀባ ሰው ወደ ምድር ቤቱ ከገባ የሚያባርር ሰው ነበር። ሳሙናዬን እንኳ ያስቀየረኝ እሱ ነው።

ሙሴ ሬኔ ያስተማረኝን ብተርከው አያልቅም፤ ቢሆንም ትንሹን ልናገር። ኮኛክ ሲወለድ ቀለም የለውም። ከኮምጣጣ ነጭ ወይን ተጠምቆ፣ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ወጥቶ፣ እንደ አረቄያችን ውሃ የመሰለና ጉሮሮ የሚልጥ ነገር ነው። ሰው የሚያደርገው እንጨቱ ነው። ፈረንጆቹ ኦክ የሚሉት፣ መጽሐፍ ቅዱሳችን ባሉጥ የሚለው ዛፍ ተፈልጦ ዓመታት በዝናብና በፀሐይ ሜዳ ላይ ይከርማል፤ ከዚያ በእሳት ተለብልቦ በርሜል ይሆናል። አዲሱ በርሜል ኃይለኛ ነው፣ ቶሎ ቀለምና ምሬት ይሰጣል፤ ስለዚህ ልጅነቱን እዚያ ያሳልፍና ወደ አሮጌ በርሜል ይዛወራል። በእንጨቱ ቀዳዳ እየተነፈሰ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት ይተናል። የተነነውን የመላእክት ድርሻ ይሉታል። የሚኖርበት ሰፈር ጣሪያና ግድግዳ ከዚያ ትነት ጥቁር ሻጋታ ያበቅላል፣ ሌቦችም ቀራጮችም በዚያ ያውቁታል። ሥር የሰደደ እርጅና ሲመጣ ራንሲዮ የሚባለው ሽታ ይወለዳል፤ የዋልነት፣ የአሮጌ ቆዳ፣ የጫካ መሬት ሽታ። እሱ በስኳር አይገዛም፣ በቀለም አይመጣም። ከዚያ ወዲያ እንጨቱ እንዳያመርረው በገመድ ወደ ተጠለፈ ትልቅ የመስታወት ዳሚጃን ይገለበጣል፤ ዳሚጃኖቹ የሚቀመጡበትን ክፍል ገነት ይሉታል።

«መስታወት ውስጥ ከገባ በኋላ አያረጅም» ይለኝ ነበር ሙሴ ሬኔ ጣቱን እያወዛወዘ። «ሞኝ ሰው ጠርሙስ ገዝቶ ቁምሳጥን ውስጥ ያስቀምጥና ከልጁ ጋር ያደገ ይመስለዋል። የሚያድገው በእንጨት ነው፤ መስታወት ውስጥ በገባበት ዕለት እንደነበረ ይቆያል።»

ስዩም የመላእክቱን ነገር ሲሰማ አበደ። «የፈረንሳዮቹ ይሁኑ» አለ፣ «የእኛዎቹ ግን ጠላ ነው የለመዱት፤ በኮኛክ ሞቅ ካላቸው የአንዱን ጸሎት ለሌላው ነው የሚያደርሱት።» ሙሴ ሬኔ እንኳ ሳቀ። እንደዚያ ነበር ስዩም። ለሳቁ ብዬ ብዙ ነገር ተውኩለት።

ናሆም የተወለደ ጊዜ ስዩም የክርስትና አባት ሆነ፣ እኛም አበልጅ ሆንን። አበልጅነት እንግዲህ ከወንድምነት ይከብዳል፤ ወንድም ከወንድሙ ይጣላል፣ ይካሰሳል፣ አበልጅ ግን አይጠረጠርም፣ ልጆቹም አይጋቡም። ሙሴ ሬኔ ሥራውን ሊተው ሲል ለክርስትናው ስጦታ ብሎ ከጉልበቴ ከፍ የማትል የባሉጥ በርሜል ሰጠን። የምንሞላትንም ዘመን የጠገበ ኮኛክ ራሱ መረጠልን፤ ስዩምና እኔ ዋጋውን እኩል ከፈልን። እኔ የነበርኩበት አፓርትመንት ማሞቂያው ግድግዳ የሚያሰነጥቅ ስለነበር በርሜሏ ሬንተን ስዩም ቤት ገባች፤ ምድር ቤቱ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው፣ ኮኛክ የሚወደውም ይህንኑ ነው። ናሆም ሲዳር እንከፍታታለን ተባባልን። በየዓመቱ በኅዳር ሚካኤል፣ ጾሙ ሳይገባ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እዚያ እንሰበሰባለን። ፈረንጆች ተርኪ ሲጠብሱ መረቁን በሚቀዱበት፣ አናቱ ላስቲክ በሆነ ቱቦ ጠብታ እናወጣለን፤ ስዩም ብርጭቆውን ይሰጠኝና ሁሉም አፌን አፌን ያያል። ባለቤቴ እልፍነሽ ናሆምን ታቅፋ ከደረጃው ላይ ትቀመጣለች። እኔ ከደረቴ ወደ አገጬ፣ ከአገጬ ወደ አፍንጫዬ አነሳለሁ። ዓመት በዓመት እየገፋ ሲሄድ አየሁት፤ በመጀመሪያ አፕሪኮቱ፣ ቀጥሎ ፕሪሙ፣ በመጨረሻም አንድ ዓመት ራንሲዮው ብቅ ሲል እንባዬ መጣ። ሙሴ ሬኔ ይህን ባየ ብዬ ነበር።

ከዚያ ስዩም የራሱን ሬስቶራንት ከፈተ። በምረቃው ዕለት ሆቴሉ ትልቅ ግብዣ ስለነበረበት እኔ ከምድር ቤቱ መውጣት አልቻልኩም፤ እልፍነሽን ግን ቀድሜ ላክኳት፣ አበልጅ ሲደግስ ማጀት መግባት ወግ ነው ብዬ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ሚካኤል ብርጭቆውን ተቀበልኩ። አልኮሉ ቀድሞ አፍንጫዬን ወጋኝ። ከኋላው የተቃጠለ ስኳር ጣፋጭነት መጣ፣ ቫኒላ መጣ፣ ከዚያ ምንም። በር ከፍቶ ባዶ ቤት እንደመግባት ነበር። ደግሜ አሸተትኩ። ስዩም ያየኛል፣ ሁሉም ያየኛል። ምን ይባላል? አበልጅን «በርሜሌን ምን አደረግከው?» ብሎ መጠየቅ በሐሳቤም አልመጣም፤ እውነቱን ለመናገር አንድ አፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት ራሴን ነው። በዚያ መኸር ክፉ ጉንፋን ይዞኝ ነበር፤ አፍንጫዬ ሞተ አልኩ በሆዴ። በአፌ ግን «እሰይ፣ እያማረበት ነው» አልኩ። ሰው ሁሉ እልል አለ።

ቀማሽ ሰው አንድ ጊዜ ራሱን ከተጠራጠረ አለቀለት። ሆቴል ተመልሼ ብርጭቆ ባነሳሁ ቁጥር ይሸተኛል፣ ግን አላምነውም። ያሸተትኩትን እውነት ነው ወይስ ትዝታ እያልኩ እጨነቃለሁ፤ ስጨነቅ ደግሞ የአንዱን ብርጭቆ ጠረን ለሌላው ሰጥቼ እናገራለሁ። የሙሴ ሬኔን ቦታ ሊሰጡኝ የተዘጋጁበት ጊዜ ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ ስሜ የተጠለፈበት ሽርጥ ሳይቀር አዝዞልኝ ነበር። አልችልም አልኩት። ቤቴ መጥቼ «አፍንጫዬ ሞቷል» ብዬ ለእልፍነሽ ነግሬያት አለቀስኩ። ከዚያ ሲታክ ሄድኩና ሻንጣ ሳነሳ ኖርኩ። ሰው በሻንጣው ምን ምን እንደሚይዝ አታውቁም፤ እኔ ግን ስጭን አንዳንዴ ይሸተኝ ነበር፣ ላቬንደሩ፣ ያልደረቀው ዋና ልብስ፣ የአንዷ እናት የጠቀለለችው ድርቆሽ። ይሸተኛልና፣ ደግሞ ለራሴ መስሎህ ነው እለው ነበር። በየዓመቱም ኅዳር ሚካኤል እዚያው ምድር ቤት ወርጄ ያንኑ ባዶ ነገር ቀምሼ እያማረበት ነው እላለሁ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል ይባላል፤ እኔ አባይን አይቼ ነው ምንጩን ያመሰገንኩት።

እና ባለፈው ሳምንት ኦቴሎ፣ በበርበሬ ካርቶኖች መካከል፣ የሻይ ብርጭቆ ይዤ ቆሜያለሁ። አልደብቃችሁምና፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ደስታ ነው። አፍንጫዬ አልሞተም! በዚያ ሁሉ በርበሬ መሀል ራንሲዮውን ለየሁት። ያስቀመጠው መስታወት ነው፤ ሙሴ ሬኔ እንዳለው በገባበት ዕለት እንደነበረ ቆሞ ጠብቆኛል። ከደስታው ቀጥሎ ግን ሌላው መጣ።

«ወይዘሮ ሙሉ፣ ይኼን ለባለቤትዎ ማን ሰጣቸው?» አልኩ።

«ስዩም ነው እንጂ፣ አበልጅዎ። ሬስቶራንቱን ሲመርቅ። ያን ዕለት ከአንዲት ትንሽ በርሜል እየቀዳ ሰዉን ሁሉ አጠጥቶ፣ ባለቤቴ ሐኪም ከልክሎኛል ቢለው መጨረሻዋን በጠርሙስ አድርጎ አስያዘው። ቸር ሰው ነው ስዩም። ምነው ጋሽ ጌታሁን? ይቀመጡ እስቲ እዚህ ካርቶኑ ላይ።»

አልተቀመጥኩም። ጠርሙሱንም እዚያው ተውኩት። በቀጥታ ሬንተን ነዳሁና ስዩም በር ላይ ፓርክ አደረግኩ። እሱ ጓሮ ሆኖ ለሰርጉ የሚለብሰውን ጫማ ይወለውላል፤ የክርስትና አባት ነውና ሙሽራውን አጅቦ የሚገባው እሱ ነው። ሲያየኝ «አበልጄ! በርሜሏን ለማየት ቸኮልክ?» አለና ሳቀ። ያ ሳቁ አላረጀም።

«ከወይዘሮ ሙሉ ዘንድ ነው የመጣሁት» አልኩት። «ጠርሙሱን ከፈትኩት።»

ብሩሹን አስቀመጠ። አልካደም። ያንን እንኳ አመሰግነዋለሁ።

«ያን ዕለት ያዘዝኩት መጠጥ በሰዓቱ አልደረሰም» አለ። «ቤቱ ጢም ብሏል፣ ባዶ ብርጭቆ ይዘው ያዩኛል። ለክብር እንግዶቹ ብቻ ብዬ ነው በርሜሏን ያስመጣኋት። ሰው ቀመሰና አበደ፤ ሁሉም እኔ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አለ ሲል፣ ጌታሁን፣ ማቆም አቃተኝ። በማግስቱ ርካሽ ብራንዲ ገዝቼ ሞላኋት። ልነግርህ ነበር፣ በሚካኤል ይዤህ ወርጄ እግርህ ላይ ልወድቅ ነበር። አንተ ቀምሰህ እያማረበት ነው አልክ።»

«እኔ ያልኩት...»

«አውቀህ የሸፈንክልኝ መሰለኝ። አንተ ልታጣው? ይኼ ነው ትልቅ ሰው ማለት ብዬ ሚስቴ ፊት አለቀስኩ እኮ። ደግሞ በየዓመቱ እየመጣህ አልክ። ምን ልበል? እልፍነሽም ነግራሃለች ብዬ ነበር የማስበው።»

«እልፍነሽ ምን ታውቃለች?»

ገረመው መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አየኝ። «እንዴ፣ እዚያ ነበረች እኮ። አብራኝ ስትቀዳ ነው ያመሸችው።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ የሚለውን ተረት ስሰማ ያደግኩት ነው፤ ሁለተኛውም ፈረስ እንደሚጥል ግን የነገረኝ የለም። ስዩም ክንዴን ሊይዝ እጁን ዘረጋ፣ ወደ ኋላ አልኩ። «በርሜሏን አታምጣት» አልኩት። «አንተ ግን ና። ልጁ ምንም አያውቅም፤ ለእሱ ስትል ና፣ ሙሽራውን አጅበህ ግባ። ከእኔ ጋር ግን አትቀመጥ፣ ስዩም።» ከናሆም ክርስትና ወዲህ በስሙ ስጠራው የመጀመሪያዬ ነው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ፣ አላዘንኩለትም።

ቤት ስደርስ እልፍነሽ ምስር ወጥ እየሠራች ነበር። ከበሩ ጀምሮ ሁሉም ይሸተኛል፤ ቁሌቱ ትንሽ እንዳረረ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ዘግይቶ እንደገባ፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ፎጣ መታጠብ እንዳለበት። እስካሁን መስሎህ ነው እያልኩ የተውኩት ቤት ነው። «ወይዘሮ ሙሉ ሱቁን ዘጉት?» አለችኝ ዞር ሳትል። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ማማሰያው ቆመ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች። «አበልጅህ በርሜሉን አራቆተው ብዬ? ትጣሉ ነበር። ናሆም ገና ልጅ ነው፣ በዚህ አገር አጎት የለው፣ አያት የለው። ስዩም ብቻ ነበር ያለው። ኮኛክ ነው ብዬ ተውኩት።»

«እሱስ ይሁን። አፍንጫዬ ሞተ ብዬ እዚህ ወንበር ላይ ሳለቅስ ግን፣ ጀርባዬን እያሻሸሽ እግዚአብሔር ያውቃል ትይኝ ነበር። ያን ጊዜ አፍንጫዬ ደህና እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

ውሸት ብትናገር ደስ ባለኝ።

«አውቅ ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ግን አንዴ ደብቄሃለሁ፣ እንዴት ብዬ ልመለስበት? ሥራ ሌላ ይገኛል፣ ሰው ግን አይገኝም አልኩ። ተገኘም እኮ ጌታሁን፣ ከርመን አደርን፣ ልጁም ተማረ።»

እውነቷን ነው፣ ተገኝቷል። የእኔን ዘመን በሻንጣና በስዩም መካከል መዝና ስዩምን መርጣለች፤ ስትመርጥ ግን እኔን አልጠየቀችኝም። ቁጣ ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፣ የመጣው ድካም ነው። ናሆም ኮል አድርጎ «ዳዲ፣ ሶ በርሜሉን ማን ነው ፒክ አፕ የሚያደርገው?» አለኝ፤ ስታረጅ ተሰንጥቃ ፈሰሰች አልኩት። «ኦህ ኖ፣ ኦኬ ነህ?» አለ። ደህና ነኝ አልኩት።

እልፍነሽ እራት አቀረበች። እንደ ወትሮዋ ሳትቀመጥ ቆማ ጠበቀች። «ጨዉ እንዴት ነው?» አለችኝ። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ለዚህ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ ነበረኝ፤ ቢበዛም ልክ ነው፣ ቢያንስም ልክ ነው። ጎረስኩ። አላምጬ ዋጥኩ።

«በዝቷል» አልኳት።

ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። እኔም ሳህኑን ወደ እሷ ገፋሁት።